ቤት ውስጥ ብቻዬን የቀረጽኳቸውን የቆዩ ሥራዎች እንዳሉ ላውጣቸው ወይስ ከተጫዋቾች ጋር እንደገና ልሥራቸው?

ባለ አንድ ማይክ (ለገጣፎ)

ጤና ይስጥልኝ የሙያው ባለቤቶችና ወዳጆች።

የምኖረው ለገጣፎ ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ በሚጀምርበት ሰፈር ነው። ክራር፣ ዋሽንት፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ከበሮም እመታለሁ፣ ምንም እንኳ እውነተኞቹ ከበሮ መቺዎች ሲሰሙኝ ፈገግ ማለታቸው ባይቀርም። እንጀራዬ የሚወጣው ከሌላ ሥራ ነው። ሆኖም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማታ ማታና በበዓል ቀን ቤቴ ውስጥ ስቀርጽ በመኖሬ፣ ዛሬ አንድ የልብስ ሻንጣ ሙሉ ካሴትና በሃርድ ዲስክ የታጨቀ ፋይል ተከማችቶብኛል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩኝ ሁለት ቴፖች ብቻ ስለነበሩ፣ ክራሩን በአንደኛው እቀርጽና እሱን ከፍቼ ዋሽንት ስነፋ ሁለቱን ድምፆች ሌላኛው ቴፕ በአንድ ላይ እንዲይዛቸው አደርግ ነበር፤ ከዚያም ካሴቶቹን አቀያይሬ ከበሮ እጨምራለሁ፣ ደግሞ አቀያይሬ እዘፍንበታለሁ። በዚህ ዘዴ ቀድሞ የገባው መሣሪያ ዙር በተጨመረ ቁጥር እየደበዘዘ፣ የካሴቱም «ሽሽ» የሚል ድምፅ እየተደራረበበት ስለሚሄድ፣ ክራሩ ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ ይመስላል። ቆይቶ ከውጭ አገር የተመለሰ ወዳጄ በካሴት ላይ አራት ትራክ (ለየብቻ የሚያዙ የድምፅ መስመሮች) የሚቀርጽ ማሽን አውሶኝ ጥቂት ዓመታት በእሱ ሠራሁ። ማሽኑን ከመለስኩለት ወዲህ ግን እነዚያን ካሴቶች በተራ ቴፕ ስከፍታቸው ድምፁ ዘገምተኛና ወፍራም ይሆናል፤ ገልብጬ ስከፍታቸው ደግሞ ጨዋታው ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። አሁን የምሠራው በኮምፒውተር፣ በአንዲት ሳውንድ ካርድና በአንድ ማይክ ነው።

ቤቱም ተቀያይሯል። የድሮዎቹ የተቀረጹት አቡጀዲ ኮርኒስ በነበረው የጭቃ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ የአሁኖቹ የሚቀረጹት ግን ቆርቆሮ ክዳን ባለው የብሎኬት ቤት ነው። ምክንያቱ ባይገባኝም የጭቃው ቤት ድምፅ ይሻለኛል። በክረምት ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ሌሊት የጅብ ጩኸት፣ ንጋት ላይ የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ፣ ከጎን ያለው የግንባታ ማደባለቂያ፣ ሁሉም እዚያ ካሴቶች ውስጥ አሉ።

በእነዚህ ዓመታት ከሌሎች ጋርም ሠርቻለሁ። ማሲንቆ የሚጫወት ጎረቤቴ ብዙ ምሽቶችን አብሮኝ አሳልፏል፤ ከሰበታ እየመጣች የምትዘፍንልኝ እህት ነበረች፤ ሳክስፎን የሚነፋው ጓደኛዬ ደግሞ ከአገር ከወጣ በኋላ የራሱን ክፍል እየቀረጸ በቴሌግራም ይልክልኛል። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የተመረጡትን አሰባስቤ ማውጣት እፈልጋለሁ። ግማሾቹ ወዳጆቼ «እንዳሉ ይውጡ፣ ጩኸታቸውም ታሪክ ነው» ሲሉኝ፣ ሌሎቹ «ክራሩን አንተ፣ ዋሽንቱን አንተ፣ ቤዙን አንተ፣ ይህ ምን ጨዋታ ነው? ሰው ጠርተህ እንደገና ሥራው» ይሉኛል። በቅርቡ አንድ ዋሽንት ነፊ ጋብዤ በድሮው ክራር ላይ እንዲጫወት ብሞክር፣ ይዟቸው ከመጣቸው ዋሽንቶች አንዱም ሊገጥም አልቻለም። ልምድ ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?


የካሴት ቅጂ ቤት (ሰበታ)

የለገጣፎው ወንድሜ፣ ይውጡ አይውጡ የሚለውን ለሙዚቀኞቹ ልተወውና እኔ የማውቀውን ልንገርህ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ካሴት ስቀዳ ነው። ከሁሉ በፊት ካሴቶቹን አድን። ክርክሩ ይደርሳል፤ ካሴቱ ግን አይጠብቅም።

የሚቸግርህ ባለ አራት ትራኩ ካሴት አልተበላሸም። ተራ ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ የሚሠራ ሲሆን፣ ከአራት ትራክ ማሽኖች መካከል ብዙዎቹ ለድምፅ ጥራት ሲባል በእጥፍ ፍጥነት ይቀርጹ ነበር። ስለዚህ በተራ ቴፕ ሲከፈት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንስና ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ወፍራም ሆኖ የሰማኸው ይህን ነው። ወደ ኋላ የሚሄድበት ምክንያት ደግሞ፣ ተራው ካሴት ሁለቱን ትራክ ለአንድ ፊት፣ ሁለቱን ለሌላው ፊት ሲመድብ፣ የጓደኛህ ማሽን ግን አራቱንም በአንድ አቅጣጫ ስለሚሞላቸው ነው። ማሽኑን መልሰህ መዋስ ብትችል ከሁሉ የተሻለ ነበር። ካልተገኘ ግን አንዱን ፊት ወደ ኮምፒውተር አስገባ፣ ካሴቱን ገልብጠህ ሌላውንም አስገባ፣ ሁለቱንም በሪፐር ወይም በኦዳሲቲ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍጥነታቸውን እጥፍ አድርግ፣ የተገለበጠውን ክፍል ደግሞ «ሪቨርስ» በለውና ጎን ለጎን አሰልፋቸው። የቴፑ ሞተር በሁለቱ ጉዞ እኩል ስለማይሮጥ፣ መጀመሪያ ላይ የገጠመው እየቆየ ይሸራረፋል፤ የከበሮውን ምት ምልክት አድርገህ በየመካከሉ እየቆረጥክ መግጠም ይኖርብሃል። አድካሚ ነው፤ ግን ይሆናል። ማሽኑ «ዲ.ቢ.ኤክስ» የሚል ጽሑፍ (የካሴቱን ጩኸት ለመቀነስ ድምፁን ጨምቆ የሚቀርጽ ዘዴ ነው) ከነበረበት ደግሞ በተራ ቴፕ የምትሰማው ድምፅ የሚጮኽና የሚተነፍስ ዓይነት ስለሚሆን፣ ያንን የሚፈታ ሶፍትዌር ያስፈልግሃል።

ከማስገባትህ በፊት የቴፑን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረገው። ከዚያ ካሴቱን ከፍተህ እየሰማህ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጠባብ ዊንዲቨር ትንሽ ወዲያና ወዲህ አዙራት፤ የማሲንቆው ጠጉር ሲፋተግ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ ስትደርስ ተው። ካሴቱ የተቀረጸው በሌላ ቴፕ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ደግመህ ማስተካከልህ አይቀርም። ካሴቱ ውስጥ በመካከል ያለችው ትንሽ ፈልት (ካሴቱን ሄዱ ላይ የምትጫን ቁራጭ ጨርቅ) ሙጫዋ ለቅቆ ወድቃ ከሆነ፣ ድምፁ እየመጣ ይጠፋል፤ ያኔ በብሎን የሚከፈት ሌላ የካሴት ቀፎ ፈልገህ ጥቅልሉን አዛውረው። ፋይሉን በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ዌቭ አድርገህ ያዘው እንጂ ኤም.ፒ.ስሪ አታድርገው፤ ቅጂውንም ሌላ ሰው ቤት አስቀምጥ።

ዋሽንቱ ለምን አልገጠመም ላልከው፦ ዋሽንት ከቀርከሃ ተቆርጦ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ቃናው አይለወጥም፤ ለዚህም ነው ነፊው ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። የድሮ ክራርህ ግን ያኔ በጆሮህ የተቃኘ ነው፤ በዚያ ላይ ሁለቱ ቴፖችህ በእኩል ፍጥነት አልሄዱም። ፍጥነት 6 በመቶ ገደማ ሲለወጥ ቃናው ግማሽ ድምፅ ይለወጣል፤ 2 እና 3 በመቶ ከሆነ ደግሞ በሁለት ዋሽንት መካከል ወድቋል ማለት ነው። ነፊው የሚወደውን ዋሽንት ይምረጥ፣ አንተ የቀረጻውን ፍጥነት በኮምፒውተር ወደ እሱ አምጣው።

ስለ ጭቃው ቤት የሰማኸው ትክክል ነው። የብሎኬት ግድግዳ፣ በተለይ ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፤ ግድግዳዎቹ ትይዩ ሲሆኑ ደግሞ ስታጨበጭብ እንደ ብረት የሚንጣጣ ነገር ትሰማለህ። የጭቃ ግድግዳ ጭድ ያለበትና ያልተስተካከለ ስለሆነ ይበትነዋል፤ አቡጀዲውም ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። አሁን ባለህበት ክፍል ከጣሪያው ዝቅ አድርገህ ጨርቅ ወጥር፣ ማዕዘኑ ላይ ፍራሽ አቁም፣ ወፍራም ጋቢና ብርድ ልብስ ከጀርባህ ስቀል። ዝናቡን ግን ምንም አታደርገውም፤ ለእሱ ጥቅምትን ጠብቅ።


ማሲንቆ ወዲህ (ሱሉልታ)

ጋሼ ካሴቱን በሚገባ ስለነገሩዎት እኔ ወደ ዋናው ጥያቄ ልሂድ። ወዳጆችዎ የሚከራከሩበት መንገድ ትክክል አይመስለኝም፤ ምክንያቱም «እንዳሉ» ወይም «እንደገና» የሚባለው ውሳኔ ለሻንጣው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

ብቻ መሥራት በራሱ ጉድለት አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ውስጥ ለዓመታት ከብዙ ሰው ጋር ከተጫወተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ዲ.ሲ. ሆኖ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም አድማጭ የወደደው ያንኑ ብቸኝነቱን ነው፤ የከበሮ ማሽኑ ከአኮርዲዮኑ ሥር ሆኖ የሚሰጠው ደረቅ ምት ሌላ ባንድ ሊሰጠው የማይችል ነገር ነበር። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በፒያኖ እየዘመሩ በካሴት የቀረጿቸው ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታተሙ፣ ከመስኮቱ ውጪ የነበሩት ወፎች ሳይቀሩ ወጥተዋል። እነዚያን ወፎች ማን ደፍሮ ያጠፋቸዋል? ስለዚህ የእርስዎ ጅብና ዝናብ ብዙም አያስጨንቀኝም። የግንባታ ማደባለቂያው ግን ይለያል፤ እሱ አንድ ዓይነት ድምፅ ሆኖ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ስለሚጋጭ ያለበትን ሥራ በግሌ እተወዋለሁ።

እኔ የምለካው በሌላ ነገር ነው። የዜማው አሠራር መልስ የሚጠይቅ ነው ወይስ አይደለም? በዝግታ የሚሄድ ትዝታ፣ ሰው ለራሱ የሚያንጎራጉረው ነገር፣ ክራሩም ዋሽንቱም የአንድ ሰው ቢሆን ምንም አይጎድለውም፤ ሐሳቡም የአንድ ሰው ነውና። በጭክጭካ የሚሄድ ዘፈን፣ ዘፋኙ ሲል ተቀባዩ የሚመልስበት፣ ማሲንቆው የዘፋኙን አፍ እያየ የሚከተልበት ጨዋታ ግን በአንድ ሰው እጅ ሲሠራ ይሞታል። አንድ ሰው ራሱን ሊያስደንቅ አይችልም። ከበሮውን ሲቀርጹ ክራሩ የት ላይ እንደሚዘገይ አስቀድመው ያውቁታል፤ ስለዚህ ከመዘግየቱ በፊት እጅዎ ይዘገይለታል፤ አድማጩም ጨዋታው ለምን እንደ ተኛ ሳያውቅ ይሰለቻል። እኔ ዘፋኝ ፊት ቁጭ ብዬ ስጫወት ግጥሙ የት ላይ እንደሚታጠፍ አላውቅም፤ ስንኙ ሳይጠበቅ ሲረዝም ደጋኔን ሳልመልስ አየር ላይ ይዤ እጠብቃለሁ። ያቺ ጥበቃ ናት ሰዉን «እሰይ» የምታሰኘው።

አብሮ መሥራትም ቢሆን ሰው መጨመር ብቻ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ አንጋፋ ሰው ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አልበም ሲያወጣ የሠራው የቀድሞ ዜማዎቹን ነው፤ ጊታሮቹ ግን የቀድሞውን ባንድ ሊመስሉ አልሞከሩም፤ ሻካራ ሆነው ገቡ፣ እሱም በዚያ ላይ ይበልጥ ሸለለ። እርስዎም ሰው ሲጠሩ «እኔ ያኔ የነፋሁትን ንፋልኝ» ካሉ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ነፊውን የነፉትን አያሰሙት። ክራሩንና ድምፁን ብቻ ትተው ዋሽንቱን ያጥፉበትና እሱ የራሱን መልስ ያምጣ። በሁለቱ ቴፖች የተሠሩት ግን ሁሉም በአንድ ላይ ስለተቀላቀሉ እንዲህ ሊነጣጠሉ አይችሉም፤ እነሱን ወይ እንዳሉ ያውጧቸው ወይ ከባዶ ይጀምሯቸው።


ሚክስ ክፍል (ቱሉ ዲምቱ)

ከላይ የተባለውን ሁሉ እጋራለሁ። የምጨምረው እንደገና ለሚሠሩት ሥራዎች ነው።

ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ። ብዙ ሰው ቤቱ ሲቀርጽ ኪቦርዱ ቅርብ ስለሆነ ከእሱ ይጀምራል፤ ከዚያ ክራሩ፣ ማሲንቆውና ዋሽንቱ ለኪቦርዱ እንዲገብሩ ይገደዳሉ። መጀመሪያ የማይለወጠው ዋሽንት ይወሰን፣ ክራሩ ወደ እሱ ይቃኝ፣ ቤዙና ኪቦርዱ ከሁሉ በኋላ ይግቡ። ኪቦርድዎ ቃናውን ጥቂት ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት «ቲዩን» የሚል ቦታ አለው። ትዝታና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ከኪቦርድ ጋር ብዙ አይጣሉም፤ አንቺሆዬ ግን በክራረኛ ጆሮ ሲቃኝና በኪቦርድ ሲመታ በእኔ ጆሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እዚያ ላይ ኪቦርዱ ባይኖር እመርጣለሁ፤ የግድ ካስፈለገም አንዳንድ ኪቦርዶች ላይ ያለውን እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ማቃኛ ተጠቅመው ወደ ክራሩ ያምጡት። የማሲንቆውንና የዘፋኟን ድምፅ ወደ ኪቦርዱ ቃና የሚጎትት ማረሚያ ከጫኑበት፣ ቅኝቱ ራሱ ይጠፋል።

ውጭ አገር ላለው ሳክስፎን ተጫዋች ሙሉውን ቅንብር አይላኩለት፤ ክራርና ከበሮ ብቻ ያለበትን ይላኩ፤ ፋይሉም ዘፈኑ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሳይሆን ከፕሮጀክቱ ዜሮ ነጥብ (በኮምፒውተሩ ላይ ሰዓቱ 0 ከሚልበት) ይጀምር፤ እሱም የራሱን ከዚያው ነጥብ ጀምሮ ይመልስልዎ። ያን ጊዜ ሁለቱን ከላይ ማሰለፍ ብቻ ይበቃል። በቴሌግራም ሲላላኩ በ«ፋይል» እንጂ በድምፅ መልእክት አይሁን፤ የድምፅ መልእክቱ ለንግግር ተብሎ የሚጨመቅ ነው። ሁለታችሁም በሽቦ ሄድፎን ስሙ፤ ብሉቱዝ የሚያዘገየው ትንሽ ቢመስልም ጭክጭካን ለማበላሸት ከበቂ በላይ ነው።

ዳር ሰፈር ያሉ ብዙ ቤቶች አርዝ በትክክል ስላልተቀበረላቸው ከጀርባ «እም» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ እሱና እጥፎቹ፣ 100 እና 150፣ ናቸው የሚያንጎራጉሩት። ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለው በባትሪ ሲቀርጹ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ መብራት ቢሄድም ቀረጻው አይቋረጥም። ማሲንቆውን ደግሞ ማይኩን ከቆዳው ፊት ስንዝር ተኩል ያህል ርቆ፣ ከደጋኑ መንገድ ትንሽ ዘወር አድርገው ያቁሙት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ጠጉሩ ሲፋተግ ጆሮ ይወጋል። ከበሮዎ በክረምት ቆዳው ስለሚላላ ከቀረጻው በፊት ፀሐይ ወይም እሳት አጠገብ ያሙቁት፤ በየመካከሉም እየላላ ስለሚሄድ ረጅም ዘፈን ሲሆን መጀመሪያ ይቅረጹት።


ሕግና ዜማ (አያት)

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እስካሁን ማንም አላነሳውምና። በካሴቶቹ ላይ ማሲንቆ የተጫወተው ጎረቤትዎ፣ የዘፈነችው እህትና ሳክስፎን የነፋው ጓደኛዎ በኢትዮጵያ ሕግ ባለመብቶች ናቸው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዜማና ግጥም ደራሲዎች በተጨማሪ ለከዋኞችም (ለተጫዋቾችና ለዘፋኞች) መብት ይሰጣል፤ አዋጁም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የከዋኙ መብት ለ50 ዓመት የሚጠበቅ በመሆኑ የእርስዎ የድሮ ካሴቶች አንዳቸውም ጊዜው አላለፈባቸውም። ዜማውን አብረው የፈጠሩት ከሆነ ደግሞ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሲቆይ፣ ለጋራ ሥራ የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሚሞተው ደራሲ ጀምሮ ነው።

ያኔ ቡና ተጠጥቶ፣ ተሳስቆ የተሠራ ነገር ስለሆነ ወረቀት መጠየቁ ሊከብድዎ ይችላል። ቢሆንም ከመውጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሥራ ማን ምን እንደ ተጫወተ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ገቢ ቢገኝ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጽ አንድ ገጽ አዘጋጅተው ያስፈርሙ። በሕይወት የሌለ ካለ ወራሾቹን ያነጋግሩ። የዘፈኑ ዜማ የሕዝብ ከሆነም «የሕዝብ» ብለው ይጻፉት፣ በራስዎ ስም አያስመዝግቡት።


ባለ አንድ ማይክ (ለገጣፎ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ የአራት ትራኩን ካሴት ሁለቱን ፊት አስገብቼ አንዱን አገላብጬ ፍጥነቱን እጥፍ ባደርገው፣ ለዓመታት ጠፋ ብዬ የተውኩት የጎረቤቴ ማሲንቆ ለብቻው በአንድ ትራክ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። መሸራረፉ ግን እንዳሉት ነው፤ ከግማሽ በኋላ ከበሮው እየቀደመ ይሄዳል።

የሱሉልታውን ወንድሜን መለኪያ ይዤ ዝርዝሩን ሳየው፣ በሁለት ቴፕ የሠራኋቸው አብዛኞቹ ዝግ ያሉ ትዝታዎች ናቸው፤ እነሱን እንዳሉ ላወጣቸው ነው። ጭክጭካዎቹን ጥቅምት ላይ ከማሲንቆውና ከዋሽንቱ ጋር ክፍል ውስጥ በአንድነት ቁጭ ብለን ልንሠራቸው ተስማምተናል። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት። ያለኝ ማይክ አንድ ብቻ ስለሆነ ሦስታችን በአንድ ጊዜ ስንጫወት እንዴት ልያዘው? ዘፋኟም የምትመጣ ይመስላል፤ ወረቀቱንም ያን ቀን እናስፈርማለን።


ሚክስ ክፍል (ቱሉ ዲምቱ)

አንድ ማይክ ይበቃችኋል፤ ማስተካከያው ርቀት ነው። ማይኩን መሐል አቁመው ዘፋኟን ከሁሉ ያቅርቡ፣ ማሲንቆው ከእሷ አንድ እርምጃ ይራቅ፣ ዋሽንቱ በጎን ሆኖ ወደ ማይኩ ሳይሆን አልፎት ይንፋ፣ ክራርዎን ደግሞ እርስዎ ወንበር ላይ ሆነው ከማሲንቆው ቀረብ አድርገው ይያዙ። ከበሮ የሚመታ ሰው ከመጣም ከበር በኩል ይሁን። ጥቂት ስንኝ ቀርጻችሁ ስሙ፤ የጎላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ የደበዘዘው አንድ እርምጃ ወደ ፊት። ከተቀረጸ በኋላ አንዱን ከሌላው ለይቶ ዝቅ ማድረግ ስለማይቻል፣ ቦታችሁ ከተስማማ በኋላ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉና ማንም ወንበሩን እንዳያንቀሳቅስ።